«ጄንትልነስ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ልጆቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ መጽሐፍ ቅዱስንም በዚሁ ቋንቋ የሚያነቡ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ «ጄንትልነስ» የሚለውን ቃል ባገኙ ጊዜ፥ «እንግዲህ ክርስቲያን ግፍ ሲሠራ እያየ ዝም ይበል ማለት ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቃሉን በስሕተት የተረዳ ሰው ወይ የዋህነትን ይንቃል፥ ወይ ፈሪነቱን በየዋህነት ስም ይሸፍናልና።

ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። በመጀመሪያ የሚያመለክተው ጠባይን ሳይሆን ትውልድን ነበር፤ «ጄንትልማን» የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። እኛስ «የጨዋ ልጅ» ስንል ትውልዱንና ጠባዩን በአንድነት እናነሣ የለምን? በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ባለቅኔ ቻውሰር ግን በካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ አንዲትን አሮጊት፥ ጨዋነት በምግባር እንጂ በውርስ እንደማይገኝ አስረድታ እንድትከራከር አድርጓታል። ያልተገራ ፈረስን ማለማመድም በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። የተገራ ፈረስ ኃይሉ አልጠፋም፤ ልጓም ተቀበለ እንጂ።

አንባቢን የሚያሳስተው ሌላም ነገር አለ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጕም፥ በገላትያ 5፥22 «ጄንትልነስ» ያለው በግሪክኛ ቸርነት የሚል ትርጕም ያለውን ቃል ነው፤ በቍጥር 23 ያለውን «ፕራኦቴስ» ግን «ሚክነስ» ብሎታል። በ1946 ዓ.ም. የወጣው የታረመ አዲስ ኪዳን ደግሞ የፊተኛውን «ካይንድነስ»፥ የኋለኛውን «ጄንትልነስ» አለው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሁለቱን መጻሕፍት ይዘው ቢወያዩ፥ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራሉ። «ሚክ» የሚለው ቃል በዛሬ እንግሊዝኛ ወደ ደካማነት አዘንብሏል፤ በእኛም አገር «የዋህ» በቀላሉ የሚታለል ሰው ስም እየሆነ መጥቷል። ይህ የሚያሳዝን ነው።

የግሪክኛው «ፕራኦቴስ» ግን እንዲህ አይደለም። አርስጣጣሊስ ይህን ጠባይ ያለውን ሰው ሲገልጽ፥ በሚገባው ነገር፥ በሚገባው ሰው ላይ፥ በሚገባው ጊዜና መጠን የሚቈጣ ነው ይላል። ፈጽሞ የማይቈጣውንማ ይነቅፈዋል።

ሙሴን እንመልከት። በዘኍልቍ 12 ከሰው ሁሉ ይልቅ የዋህ እንደ ነበረ ተጽፏል። ነገር ግን ሕዝቡ ለጥጃው በሰገዱ ጊዜ ተቈጥቶ ጽላቱን ሰበረ። እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን እርሱን ራሱን ባሙት ጊዜ ግን መልስ አልሰጠም፤ ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜም እንድትፈወስ ወደ እግዚአብሔር ጮኸላት።