ከመርካቶ ሽቦ እስከ ዞማ ጭቃ፤ ጥበብን በሁለት ዓለም መካከል ያሸጋገሩት መስከረም አሰግድ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው ጎዳና ዲጋን ለሚያልፍ መንገደኛ የጭቃ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ግድግዳው በእንጨት ይማገራል፤ አፈሩ ከውኃና ከጭድ ጋር ተረግጦ እስኪቦካ ይቆያል፤ ከዚያም በደቦ የተሰበሰበው ሰው በእጁ ይመርገዋል። ብዙዎች ይህን ሥራ የአቅም ማጣት ምልክት አድርገው ይመለከቱታል። በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ ግን ከዚሁ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ የሌላ አገር ሰዎችም የሚጎበኙት ሙዚየም ቆሟል። ስሙ ዞማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ አንትሮፖሎጂስቷና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው።

የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ምን ይሠራል?

በሙያው ዘንድ ኪዩሬተር የሚባለው ባለሙያ ሥዕል የሚሰቅል ሰው ብቻ አይደለም። የትኛው ሥራ ለእይታ እንደሚበቃ ይመርጣል፤ ሥራው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚል ያጠናል፤ ሠዓሊውን ከማያውቀው ተመልካች ጋር ያገናኛል። ሁለቱ ወገኖች በቋንቋም በባህልም ሲራራቁ ሥራው እንደ አስተርጓሚ ይሆናል። አስተርጓሚው ካልታመነ ደግሞ መልእክቱ መንገድ ላይ ይጠፋል።

መስከረም ይህን ኃላፊነት በአፍሪካ መድረክም ተወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለዳካር የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቢየናሌ፣ በ2007 ደግሞ ለቬኒስ ቢየናሌ የአፍሪካ ድንኳን ሥራዎችን ከመረጡት ባለሙያዎች አንዷ ነበሩ።

ወደ አሜሪካ የተዘረጋው መንገድ

በመስከረም የሥራ ዘመን ጎልቶ የሚታየው ከሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ጋር ያላቸው ረጅም ትብብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁት ኤልያስ፣ ሌላው የጣለውን ይሰበስባሉ። ቁልፍ፣ ክር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተሰበረ የኮምፒውተር አካል ሁሉ በእጃቸው ሥዕል ይሆናል። ብዙውን ቁሳቁስ የሚያገኙትም ከመርካቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 መስከረም ከአሜሪካዊው የመድረክ ዳይሬክተር ፒተር ሴላርስ ጋር በመሆን የኤልያስን ሥራዎች በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ሴላርስ በሎስ አንጀለስ ያዘጋጁት «ኤዲፐስ ሬክስ» በኤልያስ ዙፋኖች ታጅቦ ለመድረክ በቃ። የዜማው ደራሲ ኢጎር ስትራቪንስኪ በሩሲያ ተወልደው ኋላ የአሜሪካ ዜግነት የወሰዱ ናቸው። በአንድ መድረክ ላይ የግሪክ ታሪክ፣ የሩሲያዊ ዜማ፣ የአሜሪካ ኦርኬስትራና የአዲስ አበባ የእጅ ሥራ ተገናኙ ማለት ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የኤልያስ ሥራዎች በኒው ዮርክ ግዛት ከሚገኘው የሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም ተነሥተው ወደ ሌሎች የሰሜን አሜሪካ ሙዚየሞች ተጓዙ።

የመልሱ ጉዞ

ድልድይ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሻግር ከሆነ ድልድይ አይባልም። መስከረምና ኤልያስ በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች እየተዘዋወሩ ጥንታዊ የአሠራር ጥበብን አጥንተዋል። ያገኙትንም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በተከፈተው በዞማ ሙዚየም ግድግዳ ላይ አውለውታል። ጭቃው በእጅ ተቀርጾ ጌጥ ሆኗል፤ በግቢው ውስጥም አትክልት ይለማል።

ከግብርና ትምህርት አንጻር ሲታይ ይህ ዕውቀት እንጂ ጌጥ ብቻ አይደለም። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት በዝግታ ስለሚያሳልፍ ቤቱ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ይላል። ጠላቱ ውኃ ስለሆነ መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ማለት፣ የጣሪያው ክፈፍም ወጣ ማለት ይኖርበታል። በወለጋ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ምስጥ። ሰብልን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ምሰሶና ማገርም ይበላል። ገበሬው ብሎኬት ቢመኝ ስለዚህ አይወቀስም።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ጥያቄው ሁሉም ሰው በጭቃ ቤት ይኑር የሚል አይደለም። የትኛው አፈር ከየትኛው ጭድ ጋር እንደሚስማማ፣ ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት፣ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲመርጡ ይህ ዕውቀት ሳይጻፍ አብሯቸው ወደ መቃብር ይወርዳል።

በነቀምቴ የወለጋ ሙዚየምና የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የአካባቢውን ቅርስ ይዘው ይገኛሉ። ሆኖም ዕቃ በመስታወት ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ አይናገርም። ማን ሠራው፣ በምን ሠራው፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅና መልሱን ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ያስፈልገዋል። የመስከረም አሰግድ የሥራ ዘመን የሚያሳየውም ይህንን ነው። ሎስ አንጀለስ ድረስ የተሻገረው ጥበብ የጀመረው በመርካቶ ከተጣለ ሽቦ ነበር፤ በዲጋም አንድ አዛውንት ጭቃ ሲያቦኩ አጠገባቸው ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ወጣት ቢኖር ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።