ድድ ወዳጅና ጠላቱን የሚለይበት መንገድ

ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ይኖራል፤ አብዛኞቹም መኖሩን ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ ምላስና ድድ ላይ ነጭ ነገር ሲጋገር «ከየት መጣብኝ?» ማለቱ ብዙም አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረው ፈንገስ ዛሬ ለምን ተነሣ የሚለው ነው። መልሱም ከፈንገሱ ይልቅ የድድንና የአፍን ገጽ በሸፈኑት ሴሎች ዘንድ ይገኛል ባይ ነኝ።

እነዚህ ሴሎች ዝም ብሎ የቆመ ግድግዳ አይደሉም። ፈንገሱ ክብ ሆኖ በላያቸው ሲያርፍ ይታገሡታል። ክር መስሎ ረዝሞ ወደ ውስጥ መስረግ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅና የጀርመን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ክሩ ካንዲዳሊሲን የሚባል፣ ከ31 አሚኖ አሲዶች የተሠራ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ሲበዛ የሴሉን ሽፋን ይበሳል። የሚገርመው ግን፣ ሴሉን ለመጉዳት በማይበቃ መጠን እንኳ ሴሉ ያውቀዋል። ወዲያው የኬሚካል መልእክት እየላከ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል፤ ራሱም ፈንገስ የሚገድሉ ትንንሽ ፕሮቲኖችን ያመርታል። ፈንገሱ ለማጥቃት የሠራው መሣሪያ ራሱን አሳልፎ ይሰጠዋል ማለት ነው።

«ይህ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የታየ ነው፤ በሰው አፍ ውስጥስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን ሕሙማኑ ራሳቸው ይሰጣሉ። የአፍ ሴሎችን ለዚህ ውጊያ ከሚያበረቱት መልእክቶች ዋነኛው ኢንተርሉኪን 17 ነው። ይህ መልእክት በተፈጥሮ የተጓደለባቸው ሰዎች አፋቸው፣ ቆዳቸውና ጥፍራቸው በካንዲዳ ደጋግሞ ይጠቃል። ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ ሕመም ሲባል መልእክቱን የሚያግድ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይም የአፍ ካንዲዳ ይጨምራል። ኤችአይቪ ሲዲ4 የተባሉትን የመከላከያ ሴሎች ሲያመናምን ይህን መልእክት የሚልኩትም አብረው ይሳሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የማይለቅ የአፍ ካንዲዳን ከኤችአይቪ ሦስተኛ ደረጃ ምልክቶች አንዱ ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ሴሎቹ እንዲህ የሚከላከሉ ከሆነ መቅላቱና ማቃጠሉ ከምን መጣ? ከፊሉ ከውጊያው ከራሱ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎች ላንቃ ቀልቶ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ፈንገሱ በፕላስቲኩ ላይ ሰፍሮ ድዱንና ላንቃውን ያለ ዕረፍት ስለሚቆሰቁስ ነው። እንደ ኒስታቲን ወይም ፍሉኮናዞል ያለ መድኃኒት ፈንገሱን ይገታል፤ መነሻው ካልተወገደ ግን ሕመሙ ይመለሳል።

እንግዲህ የአፍን መከላከያ የሚያዳክም የስቴሮይድ የአስም መድኃኒት በአፍዎ የሚስቡ ከሆነ ከእያንዳንዱ አወሳሰድ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ። ሰው ሠራሽ ጥርስዎን ማታ ማታ አውልቀው ያጽዱት። ሲፋቅ ቀይ ሥፍራ የሚተው ነጭ ነገር ያለ ግልጽ ምክንያት ከታየብዎ ደግሞ መድኃኒቱን ብቻ ገዝተው አይመለሱ፤ የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ያድርጉ፤ ሁለቱም ይህን መከላከያ ያዳክማሉ።