ልጅዎ በ36 ዓመቱ አየር ኃይል ልግባ ቢልዎ

አሜሪካ የሚኖረው ልጅዎ «ሥራዬን ትቼ አየር ኃይል ልገባ ነው» ቢልዎ «አሁን? በዚህ ዕድሜ?» ማለትዎ አይቀርም። ዕድሜው ግን አያግደውም፤ የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2023 የመግቢያ ጣሪያውን ከ39 ወደ 42 ዓመት ከፍ አድርጓል። የአብራሪነት ገደቡ ከዚህ ያነሰ በመሆኑ የሚቀረው እንደ ጭነት ተቆጣጣሪነት ያለ የበረራ ሥራ ነው፤ የጭነቱን ክብደትና ሚዛን አስልቶ አብሮ መብረር።

ክብደቱ ቤተሰብ ላይ ነው። በቴክሳስ ሰባት ሳምንት ተኩል መሠረታዊ ሥልጠና አለ፤ የሙያው ትምህርት ይከተላል። ውሉ በአብዛኛው 4 ወይም 6 ዓመት ነው፤ ሲሰለች አይለቀቅም። ስለዚህ ምርቃትዎን ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ፦ ባለቤቱ ተስማምታለች? ልጆቹን ማን ይይዛል? መልሱ «እማዬ ትመጣለች» ከሆነ ውሉ የእናንተም ነውና ሳይፈረም ተነጋገሩበት።