የክራፍ መንገድ በወሎ ደጋ

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሦስት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ፣ በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ወሎ ገባ። አሳቡ በጎንደር አልፎ ወደ ምፅዋ ለመውረድ ነበር። የመንገዱ ማስታወሻ ከባልንጀራው ከኢዘንበርግ ጽሑፍ ጋር በ1843 እ.ኤ.አ. በለንደን ታትሟል። መጽሐፉን ይዞ መንገዱን ለመከተል የሚነሣ ተመራማሪ በመጀመሪያ የሚቸገረው በስሞቹ ነው።

ክራፍ ወረኢሉ የምትባል ከተማ አላየም። ምኒልክ ከተማይቱን የጦር ሰፈር ያደረጓት ከርሱ አንድ ትውልድ ያህል ቆይቶ ነው፤ የሸዋ ዘማች በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲጠራ እንዲከትባት የታዘዘውም እርስዋ ናት። ስሙ ግን ከከተማይቱ ይቀድማል። «ወረ» በኦሮምኛ የእገሌ ቤተ ሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው፤ «ለገ» ደግሞ ወንዝ። ስለዚህ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ለገ ሂዳ ሲባል አስቀድሞ የተሰየመው ሕዝቡና ወንዙ ነው፤ አገሩ ስሙን የወሰደው ከነርሱ ነው። ተጓዡ «ለገ ጎራ ገባሁ» ብሎ ሲጽፍ በካርታ ላይ አንዲት ነጥብ አላመለከተም፤ በማን ግዛት እንዳለ መናገሩ ነው፤ ግዛቱም እንደ ባላባቱ ኀይል ይሰፋል፣ ይጠብባል። ከስሙ ይልቅ ገደሉ ይታመናል። የወንጭትና የበሽሎ ሸለቆ አልተለወጠም፤ ጭነት የያዘ በቅሎ የሚወርድበትም በር ጥቂት ነው።

የለገ ጎራው ባላባት አዳራ ቢሌ ክራፍን በጋቲራ ተቀብሎ አሳለፈው። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በጦርነት መታወኩን ሰምቶ በተመለሰ ጊዜ ግን አግዶ ያለውን ሁሉ ገፈፈው። ክራፍ ስለ ወሎ የጻፈው መራራ ቃል ከዚህ በደል ተለይቶ ሊነበብ አይገባውም። አዳራ ቢሌ በሸዋና በወረ ሂመኖ መካከል ተጨንቆ የሚኖር ሹም ነበር፤ ከሣህለ ሥላሴ ቤት ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ፈረንጅ በርሱ ዐይን ተራ መንገደኛ አልነበረም። (በደሉን ግን ይህ አያስቀረውም።) ከዚያ ወዲያ ክራፍ ባዶ እጁን በሐይቅና በላስታ በኩል በየመንደሩ በተሰጠው ምግብና ማደሪያ ተጕዞ በሚያዝያ መጨረሻ ምፅዋ ደረሰ።

እንግዲህ ጋቲራን የሚፈልግ ሰው አንድ ወገን ብቻ ይዞ ባይጓዝ ይሻላል። አንኮበርና ሐይቅ የታወቁ ናቸው፤ የእግር ጕዞውን ቀን ከሁለቱም ቈጥሮ፣ መገናኛቸው በሚሆነው ደጋ ላይ ሽማግሎችን ይጠይቅ።