ዳቦና አሻንጉሊት፦ በእንግዳ የሚቆም የገጠር ቲያትር

ወደ ሙዚየሙ የገባ ሰው መብራቱን ራሱ ያበራል፤ ሲወጣም ራሱ አጥፍቶ ይሄዳል። የመግቢያ ዋጋ የለም፤ የሚከፈለው የሰጪው ፈቃድ ነው። ቤቱ በ1863 የተሠራ የከብት በረት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ድሮ ላሞች ይታሰሩበት በነበረው ምድር ቤት አሁን በወረቀት የተሠሩ አጣቢ ሴቶችና ቆሻሻ ጫኝ ወንዶች ተኮልኩለዋል። ፎቁ ላይ፣ ሣር ይከመርበት በነበረው ሰፊ ጣሪያ ሥር፣ የአንዳንዱ ፊት ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግዙፍ አሻንጉሊቶች ከወለል እስከ ወራጁ ቆመዋል። መጀመሪያ የሚያያቸው ሕፃን ማልቀሱ አይገርምም።

ቦታው ግሎቨር ይባላል። በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት፣ ለካናዳ ድንበር በሚቀርበው ሰሜን ምሥራቃዊ ጥግ የሚገኝ፣ ነዋሪው ከአንድ ሺህ ብዙም የማይዘል የገጠር ከተማ ነው። እዚያ የከተመው ቡድን ደግሞ «ብሬድ ኤንድ ፐፔት»፣ ዳቦና አሻንጉሊት። መሥራቹ ፒተር ሹማን በ1934 ያኔ የጀርመን፣ አሁን የፖላንድ ግዛት በሆነችው ሲሌዢያ ተወለዱ፤ ገና ልጅ ሳሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደዱ። ዳቦ መጋገር የለመዱት ከእናታቸው ነው። በ1961 አሜሪካ ገቡ፤ በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ቡድኑን አቋቋሙ። የቬትናም ጦርነት ሲጋጋል በተቃውሞ ሰልፎች ላይ ከሕዝቡ ራስ በላይ ብቅ ይሉ የነበሩት ትልልቅ አሻንጉሊቶች የእሳቸው ነበሩ። በ1970 ጎዳርድ የሚባለው ኮሌጅ ወደ ቨርሞንት ጋበዛቸው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግሎቨር ወዳለው የወተት ላሞች እርሻ ዞሩ። ከባለቤታቸው ከኤልካ ጋር ያን ያህል ጓዝ ይዞ ከከተማ መውጣት ቀላል አልነበረም። ግን በረት የሚያህል ዕቃ ቤት፣ ሜዳ የሚያህል መድረክ ማንሃታን ውስጥ ከየት ይመጣል?

አሻንጉሊቶቹ ሲታዩ ከባድ ይመስላሉ እንጂ ወረቀት ናቸው። መጀመሪያ ፊቱ በሸክላ ጭቃ ይበጃል። ወረቀት እየተቀደደ፣ በስታርች ሙጫ እየተነከረ በጭቃው ላይ ድርብርብ ሆኖ ይለጠፋል። ሲደርቅ ከጭቃው ተላቅቆ ቀለም ይቀባል፤ ጭቃው ለሌላ ፊት እንደገና ይረጥባል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ብዙ የሚፈጀው ሰው ነው። ትልቁን አሻንጉሊት አንድ ሰው አይችለውም። አንዱ ጭንቅላቱን በረጅም እንጨት ያነሣል፣ ሁለት ሰው ቀኝና ግራ እጁን ይይዛል፣ ሌሎች ካባውን ይጎትታሉ፤ ነፋስ ካባውን ሲነፋው ሁሉም በአንድ ላይ ካልረገጡ አሻንጉሊቱ ይወድቃል። ስለዚህ ይህ ቲያትር ከእንግዳው የሚፈልገው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ትከሻም ይፈልጋል።

ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ዶፍ ሲወርድ እዚያ በጋ ነው። ተለማማጆች ከየአገሩ ይመጣሉ፤ በድንኳንና በአሮጌ አውቶቡስ እያደሩ አሻንጉሊት ይሠራሉ፣ የጓሮ አትክልት ይኮተኩታሉ፣ ወጥ ቤት ይገባሉ። እሑድ ከሰዓት ትርኢቱ ሜዳ ላይ ነው። ነጭ የለበሱ ተጫዋቾች፣ የነሐስ ባንድ፣ በረጃጅም የእንጨት እግር የሚጨፍሩ ሰዎች፣ የወረቀት ፈረሶች። ሰርከስ ይባል እንጂ የሚቀልደው በፖለቲከኛና በጦርነት ነው፤ ቀልዱ አንዳንዴ ለስብከት ይቀርባል፣ ይህንን ወዳጆቹም አይክዱም። ተመልካቹ ሣር ላይ ይቀመጣል። ሲያልቅ ዳቦ ይታደላል።

ዳቦውን ለስላሳ ነው ብሎ የሚጠብቅ ይደነግጣል። ራይ ከሚባለው የቀዝቃዛ አገር እህል በሸካራው ተፈጭቶ፣ በእርሾ ኮምጥጦ፣ ደጅ በተሠራ ምድጃ በእንጨት እሳት የተጋገረ፣ መንጋጋ የሚፈትን ዳቦ ነው። ላዩ ላይ የሚቀባው በነጭ ሽንኩርት የተመታ ዘይት ቢያንስ ለአንድ ቀን ከአፍ አይጠፋም። ዋጋ የለውም። የሹማን እምነት ጥበብ እንደ ዳቦ የዕለት አስፈላጊ ነገር ነው የሚል ነውና፣ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መሸጥ አልፈለጉም።

ታዲያ ቤቱ በምን ይቆማል? ቡድኑ በአብዛኛው ለመንግሥትም ለኩባንያም ድጎማ እጁን አይዘረጋም። ከትርኢት በኋላ የሚዞረው ባርኔጣ፣ በጉዞ ወቅት የሚገኘው ክፍያ፣ ከሙዚየሙ ሱቅ የሚሸጠው የኅትመት ሥራ ነው የሚይዘው። ፖስተሮቹ፣ የቀን መቁጠሪያዎቹና ትንንሾቹ መጻሕፍት እዚያው ይታተማሉ። በ1984 ጥበብ የሙዚየምና የሀብታም ብቻ አይደለም የሚል «ርካሽ ጥበብ» የተባለ መግለጫ አወጡ፤ ዋጋቸውም ቃላቸውን ይጠብቃል፦ ተማሪም በኪስ ገንዘቡ አንድ ሥዕል ይዞ ይወጣል።

ነገር ግን እንግዳ በበዛ ቁጥር ድጋፍ ይበዛል የሚለው ሐሳብ እዚሁ ሜዳ ላይ ተፈትኖ ወድቋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቡድኑ በዓመት አንዴ «የአገር ቤት ትንሣኤ ሰርከስ» የሚባል ትልቅ ነፃ ትርኢት ነበረው። ወሬው ከዓመት ዓመት ተዛመተ፤ በ1990ዎቹ በአንድ ቅዳሜና እሑድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያችን ትንሽ ከተማ አጥለቀለቃት። ጎረቤት ገበሬዎች ማሳቸውን ለድንኳን አከራዩ። አሻንጉሊት የት እንዳለ እንኳ ሳያይ ለጭፈራና ለመጠጥ ብቻ የሚመጣው በዛ። በ1998 ከግል ማደሪያ ሜዳዎቹ በአንዱ በተነሣ ጠብ አንድ ሰው ሞተ። ሹማን ትልቁን ሰርከስ ዘጉት፤ አልመለሱትምም። በምትኩ የመጣው በየእሑዱ የሚታይ ትንሽ ትርኢት ነው፤ ተመልካቹ በመቶዎች ይቆጠራል፣ ሜዳውም ይበቃዋል። ገቢንና ዝናን እያዩ እንዲህ የሚያጥፉ ብዙ አይደሉም፤ ቤቱ እስካሁን መቆየቱም ለዚህ ውሳኔ ሳይመሰክር አይቀርም።

በረቱን በ1975 ሙዚየም አድርገው ከከፈቱት በኋላ ለዓመታት የተንከባከቡትና የኅትመቱን ሥራ የመሩት ኤልካ ሹማን በ2021 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ከሜዳው አለፍ ብሎ በጥድ ዛፎች መካከል ለሞቱ ጓደኞችና የቡድኑ አባላት መታሰቢያ የቆሙ ትንንሽ ጎጆዎች አሉ፤ ከትርኢት በኋላ እንግዶች በመሃላቸው ይዘዋወራሉ።

የበጋው መንገደኛ የሚጠቅመው ለአሻንጉሊቶቹ ብቻም አይደለም። እዚያው ግሎቨር ውስጥ አንዲት የቡድኑ ተጫዋች በ2011 በሌላ በረት «የዕለት ተዕለት ኑሮ ሙዚየም» ከፍታለች። የሚታየው ክብሪት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እርሳስ፣ መርፌ ቁልፍ ነው። ለዚህ ብሎ ያን ያህል መንገድ የሚነዳ ሰው ጥቂት ነው፤ ዳቦና አሻንጉሊትን ሊያይ የመጣ ግን ጎራ ይላል።

የብርዱ ወቅት ሲመጣ በረቱ ማሞቂያ ስለሌለው ሙዚየሙ ይዘጋል። ቡድኑ የሚበቃውን ያህል አሻንጉሊት በተቀባ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጭኖ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ በየደረሰበትም ዳቦ ያድላል፣ ፖስተር ይሸጣል፣ ለሚቀጥለው በጋ ትከሻ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል።