ሰማዩ ይጥፋ፣ ፊቱ ይታይ

ትንሽ የሲኒማ ካሜራ ይዞ ወደ አሶሳ የሚሄድ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሌንሱና ስለ ምስሉ ጥራት ነው። ከሁለቱም በላይ ሊያስጨንቀው የሚገባ አንድ ምርጫ አለ፤ የሚያንጸባርቅ ሰማይና ጥቁር የሰው ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ የትኛው ይዳን? የእኔ መልስ ፊቱ ይዳን የሚል ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከእንዲህ ያለ ካሜራ የሚገኘው ውጤት ማማሩና አለማማሩ በአብዛኛው በዚህ ምርጫ ይወሰናል። መሣሪያውም የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ ነው። ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያውን ፖኬት ሲኒማ ካሜራ በ995 ዶላር ሲያስተዋውቅ፣ መጠኑ ተራ የፎቶ ካሜራ ያህል ሆኖ 13 ስቶፕ የብርሃን ስፋት እንደሚይዝ አስታውቆ ነበር። እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ስለሚጨምር፣ 13 ስቶፕ ማለት ከጨለማው ጫፍ እስከ ደማቁ ጫፍ 8 ሺህ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። የሴንሰሩ ስፋት ከሱፐር 16 ፊልም ጋር ይቀራረባል፤ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ ከቀረጸበት የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ብዙም አይርቅም። ባለ 4ኬው ፖኬት እ.ኤ.አ. በ2018 በ1,295 ዶላር ተከተለ። ስለዚህ ትልቁ ሀብት የብርሃን ስፋቱ ነው፤ ቁም ነገሩ ይህ ሀብት በምን ላይ ይውላል የሚለው ነው።

አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ መገባደጃ። የነሐሴዋን የክረምቱ ደመና ይጋርዳታል። የሚያዝያዋ ግን በበጋው መጨረሻ ላይ ስለምትውል፣ እኩለ ቀን ላይ የሰው ግንባርና አፍንጫ ሲያበራ ዓይኖቹ ጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ጀንበሯም ለመጥለቅ ብዙ አታመነታም፤ ከጠለቀች በኋላ ያለ መብራት የሚቀረጽበት ጊዜ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከሰሜን አገሮች መጻሕፍት የተቀዳው «የማታውን ለስላሳ ብርሃን ጠብቁ» የሚል ምክር እዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት ትዕይንት እንጂ ለአንድ ቀን ሥራ አይበቃም። ቀራጩ ወደደም ጠላም አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በጠራራ ፀሐይና በጥላ መካከል ነው።

የብርሃን መለኪያ ደግሞ የራሱ ግምት አለው። ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ነጣ ያለ ቆዳ ከዚህ ግራጫ በአንድ ስቶፕ ያህል ይደምቃል፤ በጣም ጥቁር የሆነው የብዙ በርታዎችና ጉሙዞች ቆዳ ግን በአንድ ስቶፕ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨልማል። ከሰውየው ኋላ ነጭ ግድግዳ ወይም ባዶ ሰማይ ካለ፣ በአውቶማቲክ የተተወ ካሜራ አማካዩን ለማስተካከል ሲል ብርሃኑን ይቀንስና ፊቱን የባሰ ያጨልመዋል። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የኮዳክ ቀለም ፊልም ለአሥርተ ዓመታት ይመዘን የነበረው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። ፊልሙ ቡናማና ጥቁር ቀለሞችን በደንብ እንዲለይ ኩባንያውን ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይጠቀሳል፤ የሰው ፊት ከቸኮሌት በኋላ መታሰቡ ያስገርማል። የዛሬው ዲጂታል ሴንሰር እንዲህ ያለ አድልዎ የለበትም፤ የደረሰውን ብርሃን ብቻ ይቆጥራል። ግምቱ ያለው በመለኪያውና በቀራጩ ልማድ ውስጥ ነው። የባለ 4ኬው ፖኬት መመሪያ ራሱ የብርሃኑን መጠን በቀለም በሚያሳየው ፎልስ ከለር ሲለካ ሮዝ ቀለም ለነጣ ያለ ቆዳ፣ አረንጓዴው ደግሞ ለጠቆረ ቆዳ ተስማሚ መሆኑን ይናገራል። በፀሐይ ላይ ስክሪኑ በቅጡ ስለማይታይ ከዓይን ይልቅ ይህን መለኪያ ማመን ይሻላል። የፊቱ ብሩህ ወገን አረንጓዴው ላይ ወይም ከሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ አድርጎ፣ የቀረው እንደ አመጣጡ መተው ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። ሰማዩ ነጭ ወረቀት ከሆነ፣ ቦታው ካልታየ፣ አሶሳ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ? ጥያቄው በተለይ ጉባ ላይ ይከብዳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚያ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 1,780 ሜትር ርዝመትና 145 ሜትር ቁመት ያለው የኮንክሪት ግድግዳ ነው፤ እሱን ያላሳየ ምስል ጉባን አሳየ አይባልም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን ፊቱን ማጨለም አይደለም። ግድቡ የራሱ ፍሬም ይኑረው፤ ለኮንክሪቱ ተለክቶ በሰፊው ይቀረጽ። ሰውየው ሲናገር ደግሞ ካሜራው ጥቂት ዞር ብሎ ከኋላው ሰማይ ሳይሆን ገደል፣ ዛፍ ወይም ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ይግባ። ያኔ 13ቱ ስቶፕ ሁለቱንም ይችላሉ። ሁለቱን ግዴታ በአንድ ፍሬም ማስገባት ካስፈለገም ተመልካች ነጭ የሆነ ሰማይን ይቅር ይላል፤ ዓይኑ የማይታይን ተናጋሪ ግን ብዙ አይታገሥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎች የሚመጣ ነው፤ «በሮው ስለምቀርጽ ኋላ በከለር ግሬዲንግ አነሳዋለሁ» የሚል። ግማሹ ልክ ነው። ሮው ፋይል የቀለም ውሳኔን ያዘገያል፤ ያልተያዘን ብርሃን ግን አይፈጥርም። በጣም የጨለመ ፊት በኮምፒዩተር ሲነሳ አብሮት የሚነሳው የሴንሰሩ ብናኝ ነው፤ ከቆዳው ስስ የቀለም ልዩነት ይልቅ የሚንጫጫ ነቁጥ ይታያል። በተቃራኒው ጥቁሩን ፊት ግራጫ እስኪመስል ማብራትም ያው ጥፋት ነው። ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በአጠቃላይ ድምቀቱ ሳይሆን ላዩ ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። የ«ሙንላይት» ፊልም የካሜራ ባለሙያ ጄምስ ላክስተን እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በዚህ ፊልም ያደረገውም ይኸው ነው፤ የተዋንያኑ ፊት በፓውደር እንዲደበዝዝ ከማድረግ ይልቅ በዘይት እንዲያብረቀርቅ ተደርጎ ተቀረጸ። አሶሳ ላይ ይህን ለማድረግ ውድ መብራት አያስፈልግም። አካባቢው ማንጎና ቀርከሃ ሞልቶታል። ሰውየውን ከማንጎ ዛፍ ጥላ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ገላጣው ሰማይ ማዞር በቂ ይሆናል፤ ካልሆነም በቀርከሃ ክፈፍ ላይ የተወጠረ ሁለት ሜትር አቡጀዲ የጠራራውን ፀሐይ ሰፊና ለስላሳ ያደርገዋል።

የቀርከሃው ቅጠል ግን የራሱን ወጥመድ ይዞ ይመጣል፤ ነገሩ የሚጀምረው ከብርሃኑ ብዛት ነው። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ 400 ሆኖ፣ ሹተሩ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ፣ አፐርቸሩ 5.6 ቢሆን ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን ከሚፈለገው 64 እጥፍ ይበልጣል፤ ስድስት ስቶፕ ማለት ነው። ሹተሩን ማፍጠን እንቅስቃሴውን የተቆራረጠ ስለሚያደርገው የግድ ጥቁር ኤንዲ ፊልተር ሌንሱ ላይ ይታሰራል። ርካሹ ፊልተር የሚታየውን ብርሃን ሲቀንስ የማይታየውን ኢንፍራሬድ እንዳለ ያሳልፈዋል፤ የፖኬቱ ሴንሰርም ያየዋል። ያኔ ጥቁር ጨርቅ ወደ ቡናማ፣ ኢንፍራሬድን አብዝቶ የሚመልሰው የቀርከሃና የማንጎ ቅጠል ደግሞ ወደ ገረጣ ቢጫ ያደላል። የቆዳው ቀለምም አብሮ ይቀየራል። ኢንፍራሬድን የሚያግድ ኤንዲ መግዛት ከአዲስ ሌንስ በፊት የሚመጣ ወጪ ነው ባይ ነኝ።

ወጪ ከተነሳ ዘንድ «ስልኬስ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ ባለ 4ኬው ፖኬት ሲወጣ የተጠየቀበት 1,295 ዶላር ለአብዛኛው ወጣት ቀራጭ ከባድ ገንዘብ ነው። ለዜና፣ ለአጭር ቪዲዮ፣ ፈጥኖ ለሚለቀቅ ነገር ስልክ ይበቃል፤ አንዳንዴም ይሻላል። ልዩነቱ ስልኩ ውሳኔውን በራሱ መወሰኑ ነው። ጥላውን ያነሳል፣ ሰማዩን ይጎትታል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል፤ የበርታ እናት ፊት ላይ ያለው መስመር ሁሉ በማን ፈቃድ እንደጠፋ አይታወቅም። ትንሿ የሲኒማ ካሜራ ምርጫውን ለሰው ትተዋለች። ምርጫውን ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ሸክም ብቻ ናት፤ አንዱ ባትሪዋ ለአንድ ሰዓት እንኳ አይበቃም፣ በፕሮሬስ ኤችኪው የተቀረጸ የአንድ ሰዓት 4ኬ ምስልም ከ300 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። ከከተማ ወጥቶ ለሚቀርጽ ሰው ተጨማሪ ባትሪና በዩኤስቢ-ሲ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ቅንጦት አይደሉም።

ፊትን ማስቀደም የሚለው ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ ይሸነፋል፤ እሱም ዋዛ ነው። በርታዎች በኢትዮጵያም በሱዳንም ወገን በቡድን የሚነፉት ይህ የቅል መለከት እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ዜማው የሚሠራው ነፊዎቹ በተራ በተራ ድምፃቸውን ሲያቀብሉ ነው። አንድ ነፊ ላይ ብቻ ያተኮረ ምስል ውብ ፊት ያሳይ ይሆናል፤ ዜማውን ግን አያሳይም። እዚህ ሰፊው ፍሬም ይቀድማል፣ ለብርሃኑም ቢሆን ማለዳ መምረጥ ይሻላል። ካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን ደግሞ ቅርብ ያለውን መለከት አጉልቶ የራቀውን ይውጠዋል፤ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ዜማው ይዛባል። ስለዚህ የድምፅ መቅረጫው የነፋስ መከላከያ ለብሶ ነፊዎቹ መሃል በአንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይቅረጽ። ካሜራው ዙሪያውን እየሄደ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ፊቶቹን ቢለቅም፣ ኤዲተሩ ምስሎቹን በዚያ አንድ ድምፅ ላይ ይደረድራቸዋል።