«ኦንሊ ኢፍ» እና «ኢፍ ኦንሊ»፦ ተውሳከ ግስ ከመስተፃምር ጋር ሲጣመር

የእንግሊዝኛው መስተፃምር «ኢፍ» ሁኔታን ያመለክታል። «ኢቨን» ሲቀድመው ሁኔታው ውጤቱን እንደማያግድ፣ «ኦንሊ» ሲቀድመው ደግሞ ያለዚያ ሁኔታ ውጤቱ እንደማይገኝ ይገልጻል።

በአማርኛ ግን ሁኔታ አመልካቹ ከግሱ ጋር ተጣብቆ «እንኳ» እና «ብቻ» ይከተላሉ፤ «ቢያልፍ እንኳ»፣ «ካለፈ ብቻ» እንላለን። ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዞ «ኢፍ ኦንሊ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በተለምዶ ቅድመ ሁኔታን ሳይሆን ምኞትን፣ ማለትም «ምነው ባለፈ!» የሚለውን ይገልጻል።

በዕለት ተዕለት ንግግር «ኦንሊ» ብዙ ጊዜ ከ«ኢፍ» ተለይቶ ከዋናው ግስ ፊት ይውላል፤ ትርጉሙ ግን ከ«ኢፍ» ጋር እንደተጣመረ ይቀራል። ይህን ልብ ያላለ አንባቢ «ካለፈ ብቻ ይመዘገባል» የሚለውን ደንብ «ካለፈ ይመዘገባል» ብሎ ይረዳዋል፤ አስፈላጊው ሁኔታ በቂ ይመስለዋል።